የሙቀት ቋት መጠን በኳንተም ሞተሮች ቅልጥፍና ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ

ከእንፋሎት ባቡር አንስቶ እስከ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ድረስ ማናቸውም የሙቀት ሞተር የሚሠራው ከሞቃት አካል ሙቀት ወስዶ ከፊሉን ወደ ሥራ በመለወጥና ቀሪውን ወደ ቀዝቃዛ አካል በማስተላለፍ ነው፡፡ ሙቀት የሚወሰድበትና የሚተላለፍበት አካል የሙቀት ቋት ይባላል፡፡

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው ጥናት የሙቀት ሞተር ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ቅልጥፍና በሁለቱ ቋቶች የሙቀት ደረጃ የሚወሰን መሆኑን አመልክቷል፡፡ ከዚሁ መርህ በመነሣት በተቀመረው ስሌት መሠረት ሞቃቱ ቋት 127፣ ቀዝቃዛው ደግሞ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን ከተወሰደው ሙቀት ወደ ሥራ ሊለወጥ የሚችለው ቢበዛ 25 በመቶ ነው፡፡

ይህ ስሌት ግን ቋቶቹ እጅግ ግዙፍ በመሆናቸው ምንም ያህል ሙቀት ቢወሰድባቸው ወይም ቢጨመርባቸው የሙቀት ደረጃቸው አይለወጥም ከሚል ግምት የሚነሣ ነው፡፡ ከሐይቅ አንድ ቅል ውኃ መቅዳት የሐይቁን ከፍታ አይለውጥም፤ ከእንስራ ተደጋግሞ ሲቀዳ ግን ውኃው ዝቅ እያለ መሄዱ አይቀርም፡፡

በተመሳሳይ ሁኔታ ሞቃቱ ቋት አነስተኛ ሲሆን በእያንዳንዱ የሞተሩ ዑደት እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ቀዝቃዛውም ውስን ከሆነ እየሞቀ ይመጣል፡፡ የሁለቱ ሙቀት ሲስተካከል ሞተሩ ይቆማል፡፡ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ሁለቱ ቋቶች ውስንና እኩል ሙቀት የመያዝ አቅም ያላቸው ቢሆኑ፣ ይህም አቅም ባይለዋወጥ፣ ሞተሩ እስኪቆም ድረስ የሚኖረው አጠቃላይ ቅልጥፍና ቢበዛ 13 ነጥብ 4 በመቶ ይሆናል፡፡ ይህም ማለት ሞተሩ አንዳችም ጉድለት ሳይኖርበት ቅልጥፍናው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው፡፡

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው በኳንተም ሞተሮች ዘንድ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1959 ስኮቪልና ሹልዝ-ዱቧ የተባሉ ተመራማሪዎች ሜዘር የተሰኘው የማይክሮዌቭ ጨረር አመንጪ መሣሪያ እንደ ሙቀት ሞተር ሊታይ የሚችል መሆኑን አሳይተዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በጀርመን ማይንዝ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች በአንድ የካልሲየም አዮን የሚሠራ ሞተር ይፋ አድርገዋል፡፡ የዚህ ሞተር አሠራር በተለመደው የፊዚክስ ሕግ የሚገለጽ ቢሆንም፣ ሞተርን እስከ አንድ አቶም ድረስ ማሳነስ እንደሚቻል አረጋግጧል፡፡

ሞተሩ ይህን ያህል ሲያንስ ቋቱም በጥቂት ቅንጣቶች ብቻ የተገነባ ሊሆን ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 የጃፓን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ከቋቱ የሚወሰደው ሙቀት ከቅንጣቶቹ ብዛት አንፃር ከፍ ባለ ቁጥር የሞተሩ ቅልጥፍና ከካርኖ ወሰን እየራቀ የሚሄድ መሆኑን በስሌት አሳይተዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳመለከተው ደግሞ በዚህ ደረጃ ከፍተኛውን ቅልጥፍና የሚወስነው የሙቀት ደረጃ ብቻ ሳይሆን የቀዝቃዛው ቋት የኃይል እርከኖች አወቃቀር ጭምር ነው፡፡

ቅልጥፍናውን ከካርኖ ወሰን አቅራቢያ ለማቆየት በየዑደቱ የሚወሰደውን ሙቀት መቀነስ አንዱ አማራጭ ቢሆንም፣ በዚያው መጠን የሚገኘው ሥራም ያንሳል፡፡ ስለሆነም የጥቃቅን ሞተሮችን ፋይዳ ለመመዘን ቋቶቹ ምን ያህል ሙቀት እንዳላቸው መጠየቅ ብቻውን በቂ አይሆንም፤ የቋቶቹ መጠን ምን ያህል እንደሆነና ከእነርሱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚወሰድም አብሮ መታወቅ ይኖርበታል፡፡