ድቅል መኪና በቡና አገር መንገድ

«ድቅል» የሚለው ቃል ለቡና አምራቹ እንግዳ አይደለም፤ ከሁለት ዝርያዎች መዳቀል የሚገኘው ችግኝ በዚሁ ስም ይጠራልና። ሃይብሪድ የተባለው መኪናም የቤንዚንና የኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ የያዘ ድቅል ነው። በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው፣ ማለትም ቶዮታ ፕሪየስ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓን መሸጥ ጀመረ። ለመሆኑ በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ የሚኖር ሰው ይህን መኪና ቢገዛ ያዋጣዋልን?

ነገሩ የሚፈታው ከፍሬኑ በመነሳት ነው። በተራው መኪና ፍሬን በተያዘ ቁጥር የእንቅስቃሴው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በድቅሉ ግን የኤሌክትሪክ ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ባትሪውን ይሞላል። ስለሆነም ቁጠባው ጎልቶ የሚታየው መቆምና መነሳት በሚደጋገምበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ነው።

«ቁልቁለት የበዛበት የእኛ መንገድስ?» የሚል አንባቢ ተገቢ ጥያቄ አንሥቷል፤ እናስላው። 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 200 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 3 ሚሊዮን ጁል ገደማ፣ ይኸውም 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ይለቃል። ከዚህ ላይ የጎማና የነፋስ ሰበቃ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ በጠቅላላው የሚይዘው 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ዕድሜው እንዳያጥር ሲባል መቆጣጠሪያው የሚጠቀመው ከዚህ ግማሽ በማይሞላው ብቻ ነው። ባትሪው አስቀድሞ በከፊል ተሞልቶ ከሆነ፣ ቁልቁለቱ ሳያልቅ ይሞላል፤ የቀረው ጉልበት ይባክናል። በረጅም ዳገት ደግሞ ባትሪው ፈጥኖ ስለሚዳከም፣ የቤንዚኑ ሞተር ባትሪውን ጭምር ተሸክሞ ብቻውን ይወጣል። ቁጠባ የለም ማለት አይደለም፤ የከተማውን ያህል ግን አይጠበቅ።

ከሁሉ የሚያሠጋው የባትሪው ጤንነት ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ፣ በገዢው ፊት የሚቀርበው ድቅል በአብዛኛው ያገለገለ ነው። የፕሪየስ ባትሪ የሚቀዘቅዘው ከኋላ መቀመጫ ጎን ባለች የአየር ማስገቢያ በኩል ነው። ይህች ቀዳዳ በመንገድ አቧራ ከተደፈነች ወይም የቡና ጆንያ ከተደገፈባት ባትሪው እየጋለ ያለ ዕድሜው ያረጃል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች 200 ቮልትና ከዚያ በላይ ስለሚሸከሙ፣ ያልሠለጠነ መካኒክ ሊነካቸው አይገባም።

እንግዲህ በክረምት ጭቃ ወደ ቡና ማሳ ለሚዘልቅ ሰው ወለሉ ዝቅ ያለውን ይህን መኪና አልመክርም። ኑሮው በአስፋልት ላይ የሆነና ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ግን ከሙሉ ኤሌክትሪኩ ይልቅ ይመቸዋል፤ በየመንገዱ ባትሪ መሙያ መፈለግ አይኖርበትምና። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ግን የባትሪውን ክፍሎች አንድ በአንድ በኮምፒዩተር ያስመርምር፤ በዳገት ላይም ይሞክረው።