‹‹ስንት ልጅ ይፈልጋሉ?››፦ በምዕራብ ዓባያ ቤተሰብና ያልታወቀ ነገ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጋሞ ዞንን ምዕራብ ዓባያ ወረዳ አቋርጦ ያልፋል። በስተምሥራቅ የዓባያ ሐይቅ፣ በስተምዕራብ የጋሞ ተራሮች፣ በመካከላቸው ደግሞ የሙዝ፣ የማንጎና የበቆሎ ማሳዎች ይታያሉ። የወረዳው ዋና ከተማ ብርብር ናት። በዚህ ወረዳም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ የገጠር አካባቢዎች ስለ ቤተሰብ የሚካሄድ መጠይቅ ሁሉ ‹‹ስንት ልጅ መውለድ ይፈልጋሉ?›› የሚል ጥያቄ አይጠፋበትም።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም ከሚሰጡት መልሶች መካከል ‹‹እግዚአብሔር የሰጠኝን ያህል›› የሚለው በገጠር ኢትዮጵያ የተለመደ ነው። መጠይቁን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ለዚህ ዓይነቱ መልስ ‹‹ቁጥር ያልሆነ›› የሚል የራሱ ሣጥን አበጅተውለታል። በሪፖርት ላይ ሲደርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የግንዛቤ ማነስ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ አተረጓጎም ተገቢ አይደለም። የተወለደው ልጅ ማደጉ፣ የተዘራው ማሳ መድረሱ፣ ባል ከሄደበት መመለሱ እርግጠኛ ባልሆነበት ኑሮ አስቀድሞ ቁጥር መጥራት ከዕቅድ ይልቅ ድፍረት ሆኖ ሊታይ ይችላል።

የአገሪቱ የስም አወጣጥ ባህል ለዚህ ምስክር ነው። በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ላይ የተሠማሩ ሠራተኞች ካሣ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ፣ ተካልኝ የሚሉ ስሞችን ደጋግመው ይጽፋሉ። እነዚህ ስሞች በአብዛኛው በሞተ ልጅ ወይም በሌላ የቤተሰብ ሐዘን እግር ለተተካ ልጅ የሚወጡ ናቸው። በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የ1992 ዓ.ም. የስነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት 166ቱ፣ ማለትም ከስድስት አንዱ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 67 ዝቅ ብሏል። ለውጡ ከፍተኛ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የምትወልድ እናት የምታሰላው በሪፖርቱ አኃዝ ሳይሆን በእናቷና በአያቷ ቤት በታየው ነው። ወባ በሚበዛበት የሐይቅ ዳርቻ ቆላ ይህ ትዝታ ቶሎ አይፋቅም። የሞት መጠን ከቀነሰ በኋላ የወሊድ መጠን ዘግይቶ የሚቀንስበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የስነ ሰብ ተመራማሪዋ ጄኒፈር ጆንሰን ሃንክስ በካሜሩን የተማሩ ወጣት ሴቶችን አጥንተው፣ ጋብቻና ወሊድ ቀደም ብሎ በተነደፈ ዕቅድ ሳይሆን ሁኔታዎች ሲገጣጠሙ በሚገኝ አጋጣሚ እንደሚወሰኑ ጽፈዋል። ካሮላይን ብሌድሶ ደግሞ በጋምቢያ ገጠር ባደረጉት ጥናት ይበልጥ የሚያስገርም ነገር አግኝተዋል። ፅንስ የወረደባቸው ወይም ልጅ የሞተባቸው ሴቶች የወሊድ መቆጣጠሪያ ይወስዱ የነበረው መውለድ ለማቆም ሳይሆን፣ የተጎዳ ሰውነታቸውን አሳርፈው እንደገና ለመውለድ ነበር። ይህ ግኝት በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ሊታሰብበት ይገባል። መርፌ የወሰደች ሴት ሁሉ ልጅ መቀነስ የፈለገች አድርጎ መቁጠር ስሕተት ሊሆን ይችላልና።

በጋሞ ዘንድ ይህን እርግጠኛ ያልሆነ ኑሮ ቅርጽ የሚያስይዘው ባህሉ ነው። ዘር የሚቆጠረው በአባት በኩል ሲሆን ጋብቻ ከሌላ ጎሳ ጋር ይፈጸማል። የበኩር ወንድ ልጅ ‹‹ባይራ›› በመባል በአባቱ ቦታ ይቆማል፤ ለታናናሾቹም ሥርዓት የሚፈጽመው እርሱ ነው። ስለሆነም ወንድ ልጅ ሳይወለድ ቤቱ ሙሉ ነው ለማለት ያስቸግራል። ከዚህ በተጨማሪ ‹‹ጎሜ›› የሚባል እምነት አለ። የማኅበረሰቡ ሕግ ሲጣስ መከራ ይመጣል የሚል ሲሆን፣ መካንነት፣ የልጅ ሞትና የእህል መጥፋት የዚህ መከራ መገለጫ ሆነው ይታያሉ። ሽማግሌዎች መንስኤውን አጣርተው እርቅ እንዲወርድ ያደርጋሉ። የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት መስፋፋት ይህን ሥርዓት በብዙ ቦታ አዳክሞታል። ልጅ ያጣ ቤት ግን ዛሬም ማብራሪያ ይጠየቃል፤ ጫናው ከባልዋ ይልቅ በሚስቲቱ ላይ እንደሚከብድም የታወቀ ነው።

የመሬት ጉዳይ ከዚህ ተለይቶ አይታይም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 መሬት የሚደርሰው ራሱ አርሶ ቤተሰቡን ለሚያስተዳድር ሰው እንዲሆን ደነገገ። ድልድሉም በቤተሰብ ብዛት ላይ ሲመሠረት፣ ጎጆ ወጥቶ ልጅ ማፍራት መሬት ማግኛ መንገድ ሆነ። ድልድሉ ከቆመ በኋላ ግን የተገላቢጦሽ ሆኗል። አባት ያለውን ትንሽ ማሳ ለወንዶች ልጆቹ ሲያካፍል የእያንዳንዳቸው ድርሻ ቤተሰብ መመሥረቻ ሊሆን አይችልም።

እንደ ጨንቻ ባሉት የደጋ ወረዳዎች ሕዝቡ የሰፈረው ጥቅጥቅ ብሎ ነው። እንሰት ለመድረስ በርካታ ዓመታት የሚፈጅ ቢሆንም በክፉ ቀን የሚቆረጥ የጓሮ ተቀማጭ ነው። መሬት ያነሰው ደገኛ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ወደ ቆላው ይወርዳል፣ ወይ የሽመና ሙያውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ፣ በተለይም ወደ ሽሮ ሜዳ ይሄዳል። ምዕራብ ዓባያ ከደጋው የወረዱትን ከተቀበሉ ወረዳዎች አንዱ ነው። እዚህ ያለው ሙዝ እንደ እንሰት አይደለም። ጥሬ ገንዘብ ያስገባል፤ ዋጋው ግን በነጋዴውና በመኪናው መምጣት ይወሰናል። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍም ደለሉን በማሳ ላይ ጥሎ የሚሄድበት ክረምት አለ። እንዲህ ባለ ኑሮ አንዱ ልጅ በማሳ፣ ሌላው በትምህርት ቤት፣ ሦስተኛው ከዘመድ ሸማኔ ዘንድ መሆናቸው አደጋን መበታተኛ ነው። የመጨረሻው በብዙ ቤተሰብ ዘንድ እንደ ሙያ ማስተማር ይታይ እንጂ፣ ሕፃናት ለጉልበት ብዝበዛ የተጋለጡበት መንገድ መሆኑ በሕፃናት ጉዳይ ላይ የሚሠሩ አካላት ደጋግመው ያነሱት ችግር ነው።

‹‹ልጅ በዕድሉ ያድጋል›› የሚለው አባባልም በዚህ መልኩ ሊነበብ ይገባል። ወላጅ የኃላፊነት ጉድለቱን የሚሸፍንበት ብቻ አይደለም፤ የትኛው ልጅ እንደሚሳካለት አስቀድሞ ማወቅ እንደማይቻልም ይናገራል። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ ዐቅድ ሲታቀፉ አርሶ አደሩ በዐቅዱ አልተካተተም። የመንግሥት ሠራተኛ በየወሩ ከደመወዙ የሚቆረጥለትን፣ ገበሬው በልጆቹ ላይ ያስቀምጣል።

ይህ ማለት ግን ነገን አለማወቅ ሁልጊዜ ወደ ብዙ ልጅ ይመራል ማለት አይደለም። የአዲስ አበባ ሁኔታ ፍጹም ተቃራኒውን ያሳያል። በመዲናዋ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልደው የልጆች ብዛት በ1992 ዓ.ም. 1 ነጥብ 9፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ 1 ነጥብ 4 ብቻ ነበር። አንድ ሕዝብ ራሱን ለመተካት ከሚያስፈልገው ከ2 በላይ ከሆነ መጠን እጅግ ያነሰ ነው። እሸቱ ጉርሙና ሩት ሜስ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ይህ መቀነስ ከብልጽግና ሳይሆን ከድህነት ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክተዋል። በከተማው ባህል ማግባት የሚፈልግ ወጣት መጀመሪያ ሥራና ቤት ሊኖረው ይገባል፤ ከጋብቻ ውጭ መውለድም ያስነውራል። ሥራና ቤት እርግጠኛ ካልሆኑ ጋብቻው ይዘገያል፤ ጋብቻው ሲዘገይ ልጁም ይቀራል። በሁለቱም ቦታ ነገ አይታወቅም፤ ልዩነቱ ገጠሬው አግብቶ መጠበቁ፣ ከተሜው ጠብቆ ማግባቱ ነው። መሬት ያጣው የምዕራብ ዓባያ ወጣትም ወደ ሁለተኛው መንገድ እየቀረበ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

የ1985 ዓ.ም. ብሔራዊ የሕዝብ ፖሊሲ በወቅቱ 7 ነጥብ 7 የነበረውን የአንዲት ሴት አማካይ የልጆች ብዛት እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 4 ለማውረድ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ተጠቃሚዎችንም ከ4 ወደ 44 በመቶ ለማድረስ ግብ ጥሎ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተገኘው 4 ነጥብ 6 እና 36 በመቶ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አገልግሎቱን እስከ ቀበሌ በማውረድ ከፍተኛ ድርሻ አለው። ምዕራብ ዓባያ ይገኝበት የነበረው የቀድሞው ደቡብ ክልል በ1997 ዓ.ም. ከነበረበት 5 ነጥብ 6 ወደ 4 ነጥብ 4 በመውረድ ከአገሪቱ አማካይ በታች ሆኗል። በዚያው ጥናት ሴቶች የፈለጉትን ብቻ ቢወልዱ ኖሮ የአገሪቱ አማካይ 3 ነጥብ 6 ይሆን ነበር። አንዱን ተጨማሪ ልጅ በአገልግሎት አቅርቦት መቀነስ ይቻላል። ቀሪዎቹ 3 ነጥብ 6 ግን የተፈለጉ ልጆች ናቸው፤ ለምን ተፈለጉ የሚለው ጥያቄ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ አልፎ ወደ መሬት አስተዳደሩ፣ ወደ ግብርናው፣ ወደ ጤና መድኑና ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል። የባልና የሚስት ስም በጋራ የሰፈረበት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያላት ሴት ባልዋ ቢሞት ማሳዋን የሚያስከብርላት ወንድ ልጅ ብቻ አይደለም።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በአጎራባቹ አርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍልሰትን በየቤቱ እየተከታተለ የሚመዘግብ ጣቢያ አቋቁሟል። እንዲህ ያለው መዝገብ ልጅ የሞተበት ወይም አባወራው የተሰደደበት ቤት በቀጣዮቹ ዓመታት ምን እንደወሰነ ለማየት ያስችላል። በአንድ ቀን የሚሞላው መጠይቅ የሚይዘው ግን የዚያን ዕለቱን መልስ ብቻ ነው።