የጋምቤላ ጎርፍ የሚጀምረው ጎሬ ሰማይ ላይ ነው

ክረምት በገባ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ይደርሱኛል። አንዱ «እዚህ ጋምቤላ ጠብ ሳይል ባሮ ወንዝ ከየት አምጥቶ ሞላ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «አልዌሮ ግድብ እያለ ጎርፍ ለምን ያጠቃናል?» ይላል። የሁለቱም መልስ ከደመና ስለሚጀምር ዛሬ ከዚያው ልነሳ።

አየር ሁልጊዜ ዓይን የማያየው እንፋሎት ይዟል። ሞቃት አየር ብዙ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ግን አቅሙ ያንሳል። በ35 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኪዩብ አየር እስከ 40 ግራም ገደማ እንፋሎት መሸከም ይችላል። 20 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ግን 17 ግራም ገደማ ላይ ይሞላል። የተረፈው ውኃ ይሆናል። በጋምቤላ ሙቀት ከፍሪጅ የወጣ የውኃ ጠርሙስ ወዲያው ላብ የሚያጠምቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያ ውኃ ከጠርሙሱ ውስጥ አልወጣም፣ በዙሪያው ካለው አየር የመጣ ነው።

ሰማይ ላይ ጠርሙስ ስለሌለ እንፋሎቱ የሚያርፍበት ሌላ ነገር ይፈልጋል። አቧራ፣ የጭስ ብናኝና ከባሕር የተነሳ ጨው ይህን ሥራ ይሠራሉ። በእነዚህ ላይ የሚፈጠረው ነጠብጣብ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ አየሩ ተሸክሞት ይቆያል፤ ደመና የምንለው ይህን ነው። አንድ የዝናብ ጠብታ ለመሆን አንድ ሚሊዮን ያህል ነጠብጣቦች መሰብሰብ አለባቸው። አንዳንዴ እርስ በርስ እየተጋጩ ይዋሃዳሉ። ደመናው በጣም ከፍ ሲል ደግሞ ጫፉ ላይ በረዶ ይፈጠራል፣ በረዶው እንፋሎቱን እየሳበ ይከብዳል፣ ሲወርድ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል።

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ አየሩን ወደ ላይ የሚያነሳው ምንድን ነው የሚለው ነው። በእኛ አካባቢ ሁለት ነገሮች ያነሱታል።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ረፋዱ ላይ መሬቱ ይግላል፣ አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው እንደ ግንብ ይቆማል። አልዌሮ ግድብ ላይ ሆኖ ይህን ማየት ይቻላል። ወበቁ ትንፋሽ ሲያሳጣ የቆየበት ቀን በድንገት ይለወጥና ከጠቆረው ደመና በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል፣ ለጥ ብሎ የነበረው ውኃ ይንቀጠቀጣል። ዝናቡ ገና አልደረሰም። ነፋሱ ግን ከዝናቡ ጋር ከደመናው ውስጥ የወረደ አየር ነው፤ መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይዘረጋል። ዓሣ ለማጥመድ ጀልባ ላይ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ያ ቅዝቃዜ ሲነካችሁ መረቡን ትታችሁ ወደ ዳር ውጡ። የሚገለብጠው ነፋስና የሚገድለው መብረቅ ከዝናቡ ሊቀድሙ ይችላሉ።

ሁለተኛው አንሺ ተራራው ነው። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በስተምሥራቅ፣ በአየር መስመር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ትደርሳለች። በክረምት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር ሜዳውን አቋርጦ ከዚህ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ያዘንባል። ጎሬና ማሻ ከአገራችን በዝናብ ብዛት ከሚታወቁት ቦታዎች መካከል የሆኑት ለዚህ ነው።

ያ ሁሉ ውኃ በሶር፣ በገባና በብርብር ወንዞች አድርጎ ባሮ ይገባል። ባሮ ከደጋው ተወርውሮ ይወርድና ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣል። መሬቱ ለጥ ያለ ነው፣ ጥቁር አፈሩ አንዴ ከጠገበ ውኃ አያሰርግም። ስለዚህ ውኃው ወደ ጎን ይሰፋል፤ ኢታንግን፣ ላሬን፣ ጂካዎን ይሸፍናል። በ2006 ዓ.ም. ክረምት የሌትቾር የስደተኞች መጠለያ በውኃ ተውጦ፣ በቀጣዩ ዓመት ነዋሪዎቹ ወደ ጀዊ መዛወር ነበረባቸው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ባሮ ራሷን ጋምቤላ ከተማን አጥለቀለቀ።

አልዌሮ ግድብስ? በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ አቦቦ ላይ የተሠራው ለመስኖ ነው፤ 10,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ታስቦ። የሚይዘው 75 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ቢጥል ልክ ይህን ያህል ውኃ ነው። ጋምቤላ ከተማ ላይ ለሚደርሰው ባሮ ውኃ የሚያዋጣው ምድር ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ላይ ግድቡ የቆመው በአልዌሮ ወንዝ ላይ እንጂ በባሮ ላይ አይደለም። ስለዚህ ግድቡን አምኖ ባሮ ዳር መተኛት አይገባም።

ይህን ውኃ ጠላት ብቻ አድርጌ ማየት አልፈልግም። አኙዋ ገበሬዎች ውኃው ሲሸሽ በወንዙ ዳር በቀረው እርጥበት በቆሎ ይዘራሉ። የኑዌር ከብት አርቢዎች በክረምት ወደ ከፍታ፣ በበጋ ወደ ወንዝ ይንቀሳቀሳሉ። በእንፋሎት መርከብ ንግድ በነበረበት ዘመንም መርከቦቹ ከካርቱም ጋምቤላ የሚደርሱት ባሮ በሞላበት ወቅት ብቻ ነበር። ሰዉ ከውኃው ጋር የኖረው ጊዜውን እያወቀ ነው። ዛሬም የሚያድነን ያው ነው፦

• የራሳችሁን ሰማይ ብቻ አትዩ። ጎሬና ማሻ ዘመድ ያላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። እዚያ በተከታታይ ሌሊት ሲዘንብ ካደረ እዚህ ፀሐይ ቢወጣም ዕቃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ከብቱን አርቁ። ውኃው ደጋውን ወርዶ እስኪደርስ ያለው ጊዜ የእናንተ ነው።
• የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀንና የወቅት ትንበያ ስታነቡ ጎሬና ማሻ የሚገኙባቸውን የኢሉባቦርንና የሸካን ክፍል አትዝለሉ።
• ባሮ ቀለሙ ከደፈረሰና ግንድ ይዞ መውረድ ከጀመረ ልጆችን ከዳር አንሱ።
• ከመብረቁ ብልጭታ እስከ ነጎድጓዱ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሰከንድ ካልሞላ ከውኃ ውጡ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ፣ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ።
• የሚፈስ ጎርፍ በእግር አትሻገሩ። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ያለው ፈጣን ውኃ አዋቂን ሰው ይጥላል።

ስልክ የሌላቸው ጎረቤቶች አሉን። ይህን ያነበባችሁ በአኙዋኛም በኑዌርኛም በቃል ንገሩልኝ። ጎሬ የምትኖሩ ደግሞ፣ ዝናብ ሲበረታባችሁ እዚሁ ጻፉልን፤ የእናንተ አንድ መስመር እዚህ ታች አንድ ቤተሰብ ሊያተርፍ ይችላል።