ፒች ሜልባ፦ ስኳሩን ቀንሶ ጣዕሙን ማቆየት

በበዓል ገበታ ላይ የስኳር ሕመም ያለበትን እንግዳ «ለዛሬ ምንም አይልህም፤ ትንሽ ቅመስ» እያሉ ማስጨነቅ የተለመደ ነው። እንግዳው እምቢ ቢል ባለቤቱን ቅር ያሰኛል፤ እሺ ቢል ደግሞ ጤናውን ይጎዳል። ይሁን እንጂ ስኳሩን ቀንሶ፣ ሁሉም በልኩ የሚቀምሰው ያማረ ጣፋጭ ማዘጋጀት ይቻላል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ከኦፔራ መድረክ ስሙን ያገኘው ፒች ሜልባ ነው።

ጣፋጩን በ1890ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በለንደኑ ሳቮይ ሆቴል የፈጠረው ፈረንሳዊው የምግብ ባለሙያ ኦጉስት ኤስኮፊዬ ነው። ክብሩ የአውስትራሊያዊቷ የኦፔራ ዘፋኝ የኔሊ ሜልባ ነበር። ሜልባ በተጫወተችበት «ሎሄንግሪን» በተሰኘው የዋግነር ኦፔራ ጀልባ የሚጎትት ዝይ መሰል ነጭ ወፍ አለ። ኤስኮፊዬም ኮክና የቫኒላ አይስክሬም ከበረዶ በተቀረጸ የዚህ ወፍ ክንፎች መካከል አድርጎ አቀረበላት። ከእንጆሪ ጋር የሚዛመደው የራስቤሪ ማባያ የተጨመረው በኋላ ነው።

የጣፋጩ መሠረት ፍራፍሬ ቢሆንም ኮኩ የሚበስልበት ሽሮፕ፣ አይስክሬሙና ማባያው ሁሉም ስኳር አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው፣ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለታዊ ኃይል ከ10 በመቶ ማነስ አለበት። ይህም በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው 50 ግራም፣ ማለትም 12 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል። ማርም ከዚሁ ይቆጠራል፤ «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ያለ ልክ አይበላም።

ለአራት ሰው ሲዘጋጅ አራት የበሰሉ ኮኮችን አጥቦ ለአንድ ደቂቃ ያህል በፈላ ውሃ መንከር፤ ከዚያም ልጦ ለሁለት መክፈልና ፍሬውን ማውጣት ያስፈልጋል። ሁለት ኩባያ ውሃ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና በጥቂት ቫኒላ አፍልቶ፣ ኮኩን በለሰለሰ እሳት ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ማብሰልና ማቀዝቀዝ ይገባል። አንድ ሲኒ ሙሉ እንጆሪ ከሎሚ ጠብታ ጋር ፈጭቶ ያለ ስኳር ማጥለል ይቻላል። በአይስክሬም ፋንታ ከተፈላ ወተት የተዘጋጀ እርጎ በንጹሕ ጨርቅ አንጠፍጥፎ መጠቀም ይመከራል። እርጎው ከሥር፣ ኮኩ ከላይ ሆኖ ማባያው ይፈስበታል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦችም አሉ። በኮክ ፍሬ ውስጥ ያለው አስኳል ወደ ሳያናይድ መርዝ የሚለወጥ ንጥረ ነገር ስላለው ሕፃናት ሰብረው እንዳይበሉት መጠበቅ ያሻል። አይስክሬም በቤት ለሚሠሩም ጥሬ እንቁላል መጨመር ለተቅማጥ በሽታ ሊዳርግ ይችላል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሽሮፑን ትቶ ግማሽ ኮክ ቢወስድ ይመረጣል። ኮኩ ራሱ ስኳር ስላለው ከዕለቱ ምግብ ጋር መቆጠር አለበት፤ ጣፋጭ በልቻለሁ ብሎም የመድኃኒት መጠንን ያለ ሐኪም ምክር መቀየር አይገባም። አስተናጋጁም እንግዳው «ይበቃኛል» ሲል ቃሉን ያክብርለት።