ምዕራፍ 7፦ ቁጣ እስኪበርድ

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ፣ ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ አጠገብ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌርና አንድ የፓትሮል ፖሊስ ተፋጠዋል እንበል። ሹፌሩ በማይቆምበት ቦታ ቆሟል፤ ፖሊሱ መንጃ ፈቃድ ጠይቋል። «አቦ ተወኝ! አንተ ደግሞ ሁልጊዜ እኔን ብቻ ነው የምታየው?» ይላል ሹፌሩ። ሰው ይከባል። ፖሊሱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ሹፌሩም አይተናነስም። ፖሊሱ ክንዱን ይይዘዋል፣ ሹፌሩ ይመነጭቃል። ከዚያ በኋላ ነገሩ የቆመጥ፣ የካቴና፣ አንዳንዴም የጥይት ይሆናል። መነሻው የመቆሚያ ቦታ እንደነበር የሚያስታውስ የለም።

በመጀመሪያው ቃልና በመጀመሪያው ንክኪ መካከል ጥቂት ሰከንዶች አሉ። ግጭትን የማብረድ ሥልጠና ዋና ሥራው እነዚያን ሰከንዶች ወደ ደቂቃዎች ማርዘም ነው። ብዙ ሰው ይህን የጠባይ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል፤ «እሱ ታጋሽ ፖሊስ ነው፣ ያኛው ቁጡ ነው» እንላለን። በእኔ እምነት ይህ አነጋገር ትልቁን ነገር ይሸፍናል። ኢላማ መተኮስ በልምምድ እንደሚመጣ ሁሉ ቁጣ ማብረድም በልምምድ ይመጣል፤ ያልተለማመደው ታጋሽ ሰው እንኳ በጭንቅ ሰዓት እጁ የሚሄደው ወደለመደው ነገር ነው።

ምክንያቱ ሰውነታችን ውስጥ አለ። ሰው ሲቆጣ ወይም ሲፈራ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይመታል፣ ዓይን ከፊቱ ካለው አደጋ ውጭ ያለውን ማየት ያቅተዋል፣ ጆሮም ረጅም ንግግር መከተል ይሳነዋል። ይህ የሚደርሰው በተቆጣው ሰው ላይ ብቻ አይደለም፤ በፖሊሱም ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ደህና ሥልጠና የሚጀምረው ከፖሊሱ ከራሱ ትንፋሽ ነው። ሁለት እርምጃ ወደኋላ ማለት፣ የሚቻል ከሆነ መኪና ወይም ግንብ ከለላ ማድረግ፣ እጅን ክፍት አድርጎ ማሳየት፣ ከሁለቱ የፓትሮል ባልደረቦች አንዱ ብቻ እንዲናገር ማድረግ፣ ሌላው ደግሞ ዙሪያውን እንዲመለከት። ወደኋላ ማለት ሽንፈት የሚመስለው ፖሊስ አለ። ርቀት የሚሰጠው ግን ጊዜ ነው፤ ጊዜ ያለው ፖሊስ ደግሞ መሣሪያውን ሳይነካ ብዙ መንገድ ይታየዋል።

ቀጥሎ ቃል ይመጣል። «ተረጋጋ!» ብሎ መጮህ ቁጣን ያባብሳል። አጭር ጥያቄ ይሻላል፦ «ስምህ ማነው? ምን ሆነህ ነው?» የተቆጣ ሰው ለመመለስ ሲል ማሰብ ይጀምራል። ከዚያ የሰማውን መልሶ መናገር፦ «ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ስላስቆሙህ ነው የተናደድከው።» ይህ ሹፌሩን ትክክል ነህ ማለት አይደለም፤ ተሰምተሃል ማለት ነው። በመጨረሻም ምርጫ፦ «ባጃጇን ወደዚያ አስጠጋና እንነጋገር፤ ካልሆነ ግን እዚሁ ቅጣት ለመጻፍ እገደዳለሁ።»

ከሁሉ የሚከብደው ተመልካቹ ነው። «ያዙኝ ልቀቁኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው በክብር የሚወጣበት በር ነው። ጓደኞቹ፣ ደንበኞቹ፣ ምናልባትም የሚያፈቅራት ልጅ እያዩት እጁን አይሰጥም። ብልህ ፖሊስ ሰውየውን ከማሸነፉ በፊት ከተመልካቹ ይነጥለዋል፦ «ና፣ ጥላው ጋ እናውራ።» በድሬዳዋ ሐሩር ጥላ ለመጋበዝ ሰበብ መፈለግ እንኳ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ከተማዋን ማወቅ ግድ ይላል። ድሬዳዋን የፈጠራት በ1902 እ.ኤ.አ. የደረሰው የጂቡቲ ባቡር ነው። ከቀዚራ ሰፈር እስከ መጋላ፣ በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ አብረው ይነገራሉ። ከሌላ አካባቢ የተመደበ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው «አንተ» መባሉ ነው። የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም፤ ለታላቁም ለሹሙም «አንተ» ሲል ንቀት የለበትም። ይህን ያልተነገረው ፖሊስ ያልተሰደበውን ስድብ ይሰማል፣ ላልተነሣ ጸብም መልስ ይሰጣል። በተቃራኒው ለሶማሌው ልጅ «ወላል»፣ ለኦሮሞው «ኦቦሌሳ» ብሎ መጀመር፣ ቀሪው ንግግር በአማርኛ ቢሆን እንኳ፣ ወንድሜ ብሎ እጅ እንደመዘርጋት ነው።

የጫቱን ሰዓትም ማወቅ ያስፈልጋል። በርጫ ላይ የቆየ ሰው ምርቃና ሲይዘው ንግግሩ ይበዛል፣ ሐሳቡ ይፈጥናል፣ ለጥርጣሬም ይቀርባል። ምርቃናው ሲወርድ ብስጭትና ድብርት ይከተላል፤ ጨብሲ ብሎ መጠጥ የሚጨምርበትም አለ። ይህን የሚያውቅ ፖሊስ የሰውየውን መቅበጥበጥ የጥቃት ዝግጅት ነው ብሎ አይቸኩልም፤ ድንገተኛ እንቅስቃሴም ከራሱ በኩል ይቀንሳል።

ሕጉ ከዚህ አሠራር ጋር አይጋጭም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 56 ተያዡ በቃል ወይም በድርጊት እሺ ካለ ፖሊሱ ገላውን መንካት እንደማያስፈልገው፣ ቢቃወምም ኃይሉ ከሁኔታው ጋር የተመጣጠነ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው ያዛል። አራት ቋንቋ በሚነገርባት ከተማ ይህ አንቀጽ የፓትሮሉ የዕለት ሥራ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ሃቫና ላይ የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የኃይል አጠቃቀም መርሆች 20ኛው ነጥብም ፖሊስ ሲሠለጥን ግጭትን በሰላም መፍታት፣ የሕዝብ ስብስብን ጠባይ ማወቅ፣ ማሳመንና መደራደር እንዲማር ይጠይቃል።

ሥልጠናው በተግባር ይጠቅማል? በ1967 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ባለሙያው ሞርተን ባርድ ኒው ዮርክ ውስጥ 18 ፖሊሶችን የቤተሰብ ጸብ አያያዝ አሠለጠነ። በሁለት ዓመት ገደማ 962 ቤተሰቦች ዘንድ 1,388 ጊዜ ገቡ። በ1988 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ፣ ቢላ የያዘ አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ በፖሊስ ጥይት ከሞተ በኋላ፣ የ40 ሰዓት ልዩ ሥልጠና ጀመረች። በሌላዋ የአሜሪካ ከተማ በሉዊቪል የተደረገ ጥናት ከግጭት ማብረድ ሥልጠና በኋላ የኃይል አጠቃቀም 28 በመቶ፣ የነዋሪዎች ጉዳት 26 በመቶ፣ የፖሊሶች ጉዳት ደግሞ 36 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። የመጨረሻውን ቁጥር ደግማችሁ ተመልከቱት፤ «ይህ ነገር ፖሊስን ያስመታል» ለሚል አዛዥ ከእኔ ክርክር ይልቅ እሱ ይመልስለታል። እርግጥ አሜሪካ ድሬዳዋ አይደለችም፣ ጥናቶቹም ገና ጥቂት ናቸው።

ወሰንም አለው። ቢላ ይዞ ወደ ሰው የሚሮጥን ሰው ስሙን ጠይቆ ማስቆም አይቻልም። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ነው። ባል ሚስቱን ደብድቦ ፖሊስ ሲደርስ ቁጣው በርዷል፣ ሽማግሌዎችም «እኛ እንይዘዋለን» ብለዋል። የድሬ ሽማግሌዎች፣ የሶማሌ ጎሳ መሪዎቹ ኡጋሶች፣ የሐረሪ መረዳጃ ማኅበራቱ አፎቻዎች ብዙ ደም አድርቀዋል፤ ፖሊስ ሊያከብራቸው ይገባል። ሆኖም ጎዳና ላይ ቁጣ ማብረድ ሌላ፣ የተደበደበችን ሴት አቤቱታ ማብረድ ሌላ ነው። ቤቱ ጸጥ ስላለ ብቻ መዝገቡን ሳይከፍት የሚሄድ ፓትሮል ሥራውን አልጨረሰም።

ሥልጠናው በአዳራሽ ንግግር ብቻ ካለቀ አይዘልቅም። ፖሊሶቹ በተራ ሹፌር፣ ሰካራም፣ ሐዘንተኛ እናት ሆነው መተወን፣ ቢኮራረፉም መተራረም አለባቸው፤ ልምምዱም በሚሠሩበት ጎዳና ቋንቋ ይሁን። ከዚያ በኋላ አዛዡ ምን እንደሚመዘግብ ይታያል። የታሰረው ሰው ቁጥር ብቻ የሚቆጠርበት ጣቢያ ሰው ሳይታሰር የተፈታን ጸብ እንደ ሥራ አያየውም፤ ፖሊሱም ይህን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

እናንተም በዳር ስትቆሙ የሚደርስባችሁ ድርሻ አለ። ክበቡን አስፉት፤ ስልካችሁን ለመቅረጽ ብታወጡም ከሁለቱ መካከል አትግቡ። «በለው!» የሚለውን ዝም አሰኙት። ቋንቋ የምትችሉ ከሆነ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ለማስተርጎም ፈቃድ ጠይቁ። ሰውየው ሕመምተኛ መሆኑን የምታውቁ ከሆነም ያንኑ ለፖሊሱ ቶሎ ንገሩት፤ ከጣቢያ ይልቅ ወደ ድልጮራ ሆስፒታል ሊወስደው ይችላል።