ናፍጣ መሙላት ብቻውን የጉዞ ዋጋ አይሆንም፦ አሮጌውን ፒክ አፕ በአነስተኛ በጀት ስለ መጠበቅ

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉት የቡና ቀበሌዎች አንድ ደብር አሮጌ የናፍጣ ፒክ አፕ ካለው፣ መኪናው ለብዙ ሰው እጅና እግር ነው። ለሕንፃ ሥራ የሚሆን ቆርቆሮና ሲሚንቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ የተለቀመ ቡና፣ ከችግኝ ጣቢያ የሚወጣ ችግኝ፣ ለአገልግሎት የሚፋጠኑ ካህናት፣ በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ሁሉም በዚያው መኪና ይሄዳሉ። መኪናው በቆመ ዕለት ይህ ሁሉ አገልግሎት አብሮ ይቆማል።

መኪናውን በሌላ መተካትም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ከፍ ያለ ታክስ እንዲከፈልባቸው ደንግጓል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረ ወዲህ የናፍጣ ዋጋ በተደጋጋሚ ጨምሯል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለሆነም በእጃችን ያለውን በጥንቃቄ መያዝ የመጋቢነት ግዴታችን ነው።

አሮጌ መኪና የሚሞተው ዕድሜው ስለበዛ ብቻ አይደለም። በየኪሎ ሜትሩ የሚያልቅበት ነገር በጊዜው ሳይተካለት ሲቀር ነው። ከዚህ ቀጥሎ በመጀመሪያ መኪናውን በአካባቢያችን የሚጎዳው ምን እንደሆነ፣ በመጨረሻም ሰበካ ጉባኤው ገንዘቡን እንዴት ሊያዘጋጅ እንደሚችል እናያለን።

የአሮጌው ሞተር በረከት

የናፍጣ ሞተር ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው በእሳት ብልጭታ አይደለም። ፒስቶኑ አየሩን ሃያ እጥፍ ያህል ሲያምቀው የአየሩ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይደርሳል፤ በዚያች ቅጽበት ኖዝሉ የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። የቆዩት ቶዮታ ሂሉክሶች ከሚይዟቸው ሞተሮች መካከል 2.4 ሊትሩ "2ኤል"፣ 2.8 ሊትሩ "3ኤል" እና 3.0 ሊትሩ "5ኤል" ይገኙበታል፤ በላንድ ክሩዘር ፒክ አፕ ላይ ደግሞ 4.2 ሊትሩ "1ኤችዜድ" የታወቀ ነው። እነዚህ ሞተሮች ናፍጣ የሚረጩት በሜካኒካል ፓምፕ እንጂ በኮምፒውተር ትእዛዝ ስላልሆነ፣ የተካነ የአገር ቤት መካኒክ በቀላል መሣሪያ ሊጠግናቸው ይችላል። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለማስመጣት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚገኝ ደብር ይህ ትልቅ በረከት ነው። መለዋወጫ ሲታዘዝም የሞተሩን ዓይነት አስቀድሞ በጽሑፍ መያዝ ያልሆነ ዕቃ ገዝቶ ከመመለስ ያድናል።

ውኃ በናፍጣ ውስጥ

በደቡብ ምዕራብ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። አየሩ ሁልጊዜ እርጥብ በመሆኑ ግማሽ ባዶ በሆነ የነዳጅ ታንከር ውስጥ ሌሊቱን ጤዛ ይቋጠራል፤ ከበርሜልና ከጀሪካን የሚገዛ ናፍጣም ብዙ ጊዜ ውኃና ዝቃጭ ይዞ ይመጣል። ጉዳቱ የሚከፋው የናፍጣ ፓምፑ ሌላ ቅባት ስለሌለው ነው፤ የሚያለሰልሰው የሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ ነው። ናፍጣው ውኃ ከያዘ ፓምፑና ኖዝሎቹ ይዝጋሉ፤ የእነርሱ ጥገና ደግሞ ከሁሉ ውድ ነው።

መከላከያው ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከፊልትሮው ሥር ይጠራቀማል። በክረምት በየሳምንቱ ሞተሩ ሳይነሣ ከፊልትሮው ሥር ያለውን መክፈቻ በማላላትና ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ በመጫን ጥቂት ናፍጣ በብርጭቆ ጠርሙስ ይቀዳ። ከጠርሙሱ ሥር የሚለይ ውኃ ከታየ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ ይፍሰስ። ታንከሩ ማታ ቢሞላ ጤዛ የሚቋጠርበት ባዶ ቦታ ይቀንሳል። ናፍጣ ከበርሜል መግዛት ግድ ሲሆንም በርሜሉ ሳይነካ አንድ ቀን ያህል ከሰከነ በኋላ ከላይ ይቀዳ፤ የሥሩ ዝቃጭ ለመኪናው አይሰጥ።

ዳገትና ሙቀት

ከቴፒ ወደ ማሻ የሚወጣ መኪና ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወጣል። ጭነት ይዞ እንዲህ ያለ ዳገት የሚወጣ ሞተር ሙቀቱን የሚያስወጣው በራዲያተሩ ነው። የራዲያተሩ ክንፎች በጭቃና በቡና ገለባ ሲደፈኑ፣ ወይም በኩላንት ፋንታ የወንዝ ውኃ ሲጨመርበትና ውስጡ በዝገት ሲሞላ ሞተሩ ይግላል፤ ከመጠን ያለፈ ሙቀትም ቴስታታውን ያጣምማል ወይም ይሰነጥቃል። ስለዚህ ራዲያተሩ በቀስታ በሚፈስ ውኃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይታጠብ። የሙቀት መለኪያው ሲያሻቅብ ወዲያውኑ ቆሞ ማብረድ ይገባል፤ በጋለ ጊዜ ክዳኑን መክፈት ግን ሰው ያቃጥላል።

ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ መውረድ የቆየ የሾፌሮች ጥበብ ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ስለሚይዘው ፍሬኑ አይግልም። ከጭቃና ከወንዝ ሲወጡም ፍሬኑን ለጥቂት ጊዜ ለስለስ አድርጎ በመርገጥ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ከላይ የጠቀስናቸው አራቱም ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጋ አላቸው፤ መቀየር ያለበትም በ100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ቺንጋው በመንገድ ላይ ቢበጠስ ቫልቮቹና ፒስቶኖቹ ይጋጩና ሞተሩ በአንድ ቅጽበት ይሰበራል። መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ቺንጋ ጊዜው እንዳለፈ ይቆጠር።

የጭነት ልክ

የቡና ለቀማ ሲደርስ ፒክ አፑ ከአቅሙ በላይ ይጫናል። ባለ አንድ ጋቢና ሂሉክስ የሚሸከመው አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ይህም በእኛ ሚዛን 58 ፈረሱላ ያህል መሆኑ ነው። በጭነቱ ላይ አራት ሰው ከወጣ 14 ፈረሱላ ያህል ተጨመረ ማለት ነው፤ ደግሞም ሰውን በጭነት ላይ ማሳፈር ለነፍስ አደገኛ ነው። ከልኩ ያለፈ ጭነት ባሌስትራን ይሰብራል፣ ፍሪሲዮንን ይበላል፣ የጎማን ዕድሜ ያሳጥራል፣ ፍሬንንም ያደክማል። ሁለት ጊዜ መመላለስ ውድ ቢመስልም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ስብራት ይረክሳል።

ጭሱ የሚናገረው

መካኒክ ያልሆነ የኮሚቴ አባልም ጭሱን አይቶ ብዙ ሊረዳ ይችላል። ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ናፍጣ መብዛቱን ያመለክታል፤ በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ይታይ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ይነግራል። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለና የራዲያተሩ ውኃ ከጎደለ ግን መኪናው ጋራዥ ሳይደርስ ሌላ ጉዞ አይጀምር። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ ወተት የመሰለ ዘይት ግን ውኃ እንደገባበት ምልክት ነው።

የኪሎ ሜትር ሣጥን

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በየአጥቢያው የተለመደ አነጋገር አለ፦ "መኪናውን ስጡኝ፣ ናፍጣውን እኔ እሞላለሁ።" ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ጭነት፣ ሁሉም በዚህ ቃል ይፈጸማል፤ ናፍጣ የሞላው ሰውም ዋጋውን የከፈለ ይመስለዋል። ነገር ግን ጉዞው ናፍጣውን ብቻ አልጨረሰም፤ ዘይቱን፣ ጎማውንና ቺንጋውንም ቀንሶታል። ያን የቀነሰውን ማንም ካልተካው በመጨረሻ የሚከፈለው ከምእመናን አሥራትና መባ ነው፤ የሚከፈለውም መኪናው በቆመበት ክፉ ቀን ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ለምሳሌ ያህል ብቻ የቀረበ ስለሆነ እያንዳንዱ ደብር የአካባቢውን ዋጋ ይተካበት። ዘይትና ፊልትሮ ለመቀየር 10,000 ብር ቢፈጅና ለውጡ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቢደረግ፣ በኪሎ ሜትር 2 ብር ይሆናል። አራት ጎማ 80,000 ብር ወጥቶበት 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል እንደገና 2 ብር ነው። የታይሚንግ ቺንጋ ሥራ 30,000 ብር ቢሆን፣ ለ100,000 ኪሎ ሜትር ሲካፈል 30 ሳንቲም ይመጣል። ድምሩ በኪሎ ሜትር 4 ብር ከ30 ሳንቲም ነው። ከሚዛን ተፈሪ ቴፒ ደርሶ መልስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ከናፍጣው ሌላ 430 ብር በሣጥን ሊገባ ይገባል ማለት ነው። ፍሬን፣ ባትሪና ባሌስትራ ሲታከሉበት ከዚህም ይበልጣል።

ይህን በሥራ ለማዋል ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ በመኪናው ውስጥ የሚቀመጥ መዝገብ፦ ቀኑ፣ ሲነሣና ሲመለስ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ፣ የጉዞው ምክንያት፣ የተቀየረው ዕቃ ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ለዚሁ ብቻ የተለየ የባንክ ሒሳብ፤ በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ ቢሆን ይመረጣል። ሦስተኛ፣ አንድ ኃላፊ ሾፌር፤ የሁሉ የሆነ መኪና ጠባቂ የለውምና።

ድሃውና ሕመምተኛውስ እንዴት ይሁን? ምጥ የያዛትን እናት ክፈይ ማለት አይገባም። ነገር ግን ነፃ አገልግሎትም ወጪ አለው፤ ሰበካ ጉባኤው የዚያን ጉዞ ድርሻ ከምጽዋት ሣጥን ወደ መኪናው ሒሳብ ያዛውር። እንዲህ ሲሆን ርኅራኄው በመዝገብ ይታወቃል፤ ለሚቀጥለው ሕመምተኛም መኪናው ዝግጁ ሆኖ ይቆያል።

የማይዘገየውና ማብቂያው

በጀት ሲያጥር የወንበር ልብስና ቀለም ሊቆይ ይችላል። ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና መብራት ግን ለአንድ ጉዞ እንኳ አይዘገዩም። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራና የሦስተኛ ወገን መድንም በሕግ የታዘዙ ናቸው።

የመኪናው ሻንሲ በዝገት ተበልቶ ብየዳ የማይዝ ሲሆን፣ ወይም መዝገቡ የዓመቱ ጥገና ተመሳሳይ መኪና ከመከራየት በላይ እንደወሰደ ሲያሳይ፣ ማሰናበቱ ጥበብ ነው። መዝገብ ያለው ኮሚቴ ይህን ውሳኔ በሐሜትና በግምት ሳይሆን በቁጥር ይወስናል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ አባላትና አባቶች ከሚቀጥለው ስብሰባችሁ በፊት የመኪናውን ቆጣሪ ንባብ በአንድ ደብተር የመጀመሪያ መስመር ላይ አስጽፉ፤ ቀሪው ከዚያ ይቀጥላል።