ርካሹ የአውሮፕላን ቲኬትና ኋላ የሚመጣው ሒሳብ



ከዚህ በታች የጻፍሁት አሳብ አንዳንዱን አንባቢ ከገንዘብ ኪሣራና ከእንግልት ያድን ይሆናል ብዬ ስለማምን፣ በአንባብያን ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ በውጭ አገር ስለሚሸጠው ርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት ነው። ይህ ለመንግሥት ሠራተኛ ምኑ ነው የሚል ቢኖር፣ ቲኬቱን የሚገዛው ባሕር ማዶ ያለው ልጅ ሲሆን፣ ወረቀቱን አንብቦ እናቲቱን የሚሸኘው ግን እዚህ ያለው ፊደል የቆጠረ ደመወዝተኛ ዘመድ መሆኑን ያስብ።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ከዳባት የመጡትን አክስቴን ወደ አውሮፓ የሸኘሁ እኔ ነበርሁ። ልጃቸው በዚያ አገር የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ስለ ነበረ፣ አክስቴ የሚሄዱት አራስ ሊጠይቁና ገንፎ ሊያገነፉ ነው። ስንቁንም እንደ ደገኛ እናት ወግ አዘጋጅተዋል፤ የገብስ የገንፎ ዱቄት፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ። ቅቤውን ግን፣ የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዳይገባ ሕግ ስለሚከለክል፣ በብዙ ልመና ከጎንደር እንዲቀር አደረግሁ። በዚህም ሥራዬን የፈጸምሁ መስሎኝ ነበር።

ቲኬቱ ሁለት ነው። አንደኛው ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ሮም የሚያደርስ ሲሆን ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል። ሁለተኛው ከሮም ተነሥቶ ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ የሚያደርሰው የርካሽ ኩባንያ ቲኬት ነው። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ አሠራሩ የብዙዎቹ ነውና። ልጅቱም ዋጋውን በስልክ ስትነግረኝ፣ «ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውቶቡስ ከመምጣት ብዙም አይበልጥም» ብላ ስቃ ነበር።

እኔ እንግሊዝኛን ከልጅነቴ ጀምሮ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ፣ ዛሬም ለተማሪዎች የማስተምር ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ያን ቲኬት በተቀበልሁ ጊዜ ያነበብሁት ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ነበር። በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የብዙ ገጽ ውል አልነካሁትም። ስለዚህ ከጥፋቱ ከፊሉ የእኔ ነው።

የአገራችን አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገ ወዲህ የእኛ መንገደኛ የለመደው ሥርዓት አንድ ነው። ቲኬቱን ይዞ ይቀርባል፤ በመስኮቱ ያለው ሠራተኛ ይመዘግበዋል፤ ሻንጣውን ይመዝንለታል፤ የመሳፈሪያ ወረቀት ይሰጠዋል። በርካሾቹ ኩባንያዎች ዘንድ ግን ይህን ሁሉ የሚሠራው መንገደኛው ራሱ ነው። አስቀድሞ በኢንተርኔት ገብቶ «ቼክ ኢን» የሚባለውን ምዝገባ መፈጸም አለበት። ይህን ሳያደርግ ከመስኮት የቀረበ ሰው እንደ ጥፋተኛ ይከፍላል። የአየርላንዱ ራያንኤር ለዚህ ብቻ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ 55 ዩሮ አስፍሮ ነበር፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከቲኬቱ ከራሱ የሚበልጥ ነው።

መቀመጫውን በተጨማሪ ገንዘብ ላልመረጠ ሰው ደግሞ፣ በአንዳንዶቹ ዘንድ ምዝገባው የሚከፈተው በረራው 24 ሰዓት ሲቀረው ነው። ይህን ደንብ ከእኛ እናቶች ጉዞ ጋር አስተያዩት። ከሮም የሚነሣው በረራ 24 ሰዓት ሲቀረው አክስቴ ገና እዚሁ ጎንደር ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሄድ ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር። የጥምቀት እንግዳ ከከተማው ስላልተበተነ የስልኩ ኢንተርኔት ይንቀራፈፋል። ፒያሳ ካለው ኮምፒዩተር ቤት ስደርስ መብራት ጠፍቷል። ጄኔሬተር ያለው ሌላ ቤት ፈልጌ፣ ወረቀቱን አሳትሜ፣ አዘዞ የደረስሁት አክስቴ ወደ ፍተሻው ሊገቡ ሲሉ ነው። ወረቀቱን አስጨበጥኋቸውና፣ «እንግዲህ ምንም የቀረዎት ነገር የለም» አልኋቸው።

የቀረው ግን ሻንጣው ኖሯል። ያ ቲኬት የሚፈቅደው ከወንበር ሥር የምትገባ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። ለትልቁ ሻንጣ አስቀድሞ በኢንተርኔት የሚከፈለው አንድ ዋጋ፣ በማረፊያው መስኮት የሚከፈለው ደግሞ ሌላና የከበደ ዋጋ ነው። አክስቴ የባንክ ካርድ የላቸውም፤ የያዙትን ጥሬ ገንዘብ ሠራተኛው አልቀበልም አለ። በሰልፉ ውስጥ የነበረች አንዲት የአገራችን ልጅ አስተርጉማ በራሷ ካርድ ባትከፍልላቸው ኖሮ እዚያው ይቀሩ ነበር። የአንዱ ሻንጣ ሒሳብ ብቻ ከቲኬቱ ዋጋ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ፤ ለሁለተኛው የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘም። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ በተባሉ ጊዜ የገንፎውን ዱቄት የያዘውን መረጡ። የቀረውን ለልጅቱ ትተው፣ «በርበሬውን አንቺ ብዪው፣ የኔ ልጅ፤ ልብሱን ግን አስቀምጪልኝ» ብለዋት ሄዱ።

ይህን የምጽፈው ርካሽ ቲኬት ክፉ ነው ለማለት አይደለም። በአሜሪካ ሳውዝዌስት የሚባለው ኩባንያ በ1971 እ.ኤ.አ. በረራ ሲጀምር፣ በአየርላንድም ራያንኤር በ1985 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር፣ ቀድሞ ለባለጠጋ ብቻ የነበረው አውሮፕላን ለሠራተኛውና ለተማሪው እንዲሆን በር ከፍተዋል። አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ መግዛት፣ መሬት ላይ ብዙ ሳያቆሙ ወዲያው መልሶ ማስነሣት፣ ሠራተኛ መቀነስ፣ ይህ ሁሉ ዋጋን ያወርዳል። ሻንጣ የሌለው መንገደኛ ሻንጣ ላለው ለምን ይክፈል የሚለውም አነጋገር አእምሮ ላለው ሰው የሚገባ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም መስከረም 8 ቀን 2007 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ለሚጫን ሻንጣ ለብቻው ዋጋ መጠየቅ እንደሚፈቀድ፣ መንገደኛው በእጁ ለሚይዘው መጠነኛ ቦርሳ ግን ተጨማሪ ሊጠየቅ እንደማይገባ ለይቷል። ይሁን እንጂ መጠነኛ ማለት ስንት እንደ ሆነ ቁጥር ስላልቈረጠለት ክርክሩ አላለቀም። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. የስፔን መንግሥት አምስት ርካሽ ኩባንያዎችን የእጅ ቦርሳን በማስከፈልና በመሳሰለው ምክንያት በጠቅላላው ወደ 179 ሚሊዮን ዩሮ ቢቀጣ፣ ኩባንያዎቹ ቅጣቱን ተቃወሙ። ሁለት ሻንጣ በነፃ በመጫን ስሙ የተጠራው ሳውዝዌስትም ከግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚቈረጠው ለአብዛኛው ቲኬት ነፃውን ሻንጣ አስቀረ።

የእኔ ቅሬታ በሌላ በኩል ነው። የጎንደር ሽማግሌዎች ስለ ሲራራ ንግድ ሲያወሩ የኬላውን ነገር ሳያነሡ አያልፉም። ነጋዴው በየኬላው ይቀረጥ ስለ ነበር፣ አሞሌ ጨው ከወጣበት ከአፋር ቆላ በራቀ ቍጥር ዋጋው እየጨመረ ነበር ከዚህ የሚደርሰው። ነገር ግን ነጋዴው አህያውን ከመጫኑ በፊት ኬላዎቹ የት የት እንዳሉ ያውቅ ነበር፤ ሒሳቡንም ከቤቱ ሠርቶ ይነሣ ነበር። የዛሬው መንገደኛ ኬላውን የሚያገኘው ከተነሣ በኋላ ነው፤ ያውም በባዕድ ቋንቋ።

የምዝገባው ነገር ደግሞ ከገንዘቡ ይከፋል። ሰው ሁሉ ስልክ በእጁ፣ ኢንተርኔት በስልኩ፣ ቋንቋው በአፉ እንዳለ ተቈጥሮ የተሠራ ደንብ ነው። በአማራ ክልል ከነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቲኬት የያዘ የደባርቅ ወይም የጃናሞራ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በስልኩ ይመዝገብ ቢባል ምን ያደርግ ነበር? ራያንኤር ከኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመውን የመሳፈሪያ ወረቀት ትቶ በስልክ በሚታየው ብቻ እንዲሆን አድርጓል። እርግጥ ነው፣ አስቀድሞ ተመዝግቦ ስልኩ ለጠፋበት ወይም ለጠፋው ሰው በማረፊያው በነፃ እንደሚረዳ ኩባንያው አስታውቋል። ቢሆንም ያ ሰው መጀመሪያ መመዝገብ አለበት።

በዚህ ላይ የስም ጣጣ አለ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም። ባሕር ማዶ ያለው ልጅ በቃሉ የሚያውቀውን ስም ይሞላል፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ፊደል ሌላ ይሆናል፤ ለማረም እንደገና ይከፈላል። ስለዚህ ቲኬት ከመገዛቱ በፊት የፓስፖርቱን ገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ መላክ፣ ሻንጣ ካለም በዚያው ሰዓት አብሮ መክፈል ይበጃል። ከተቻለም ሁለቱን በረራ በአንድ ቲኬት ማስገዛት ነው፤ እንደ አክስቴ ሁለት የተለያየ ቲኬት የያዘ ሰው በሁለት የተለያየ ሕግ ይሄዳልና።

ቲኬት የሚሸጡትን ቤቶች የምለምነው አንድ ነገር ነው። ገንዘቡን ከመቀበላቸው በፊት ስንት ሻንጣ በስንት ኪሎ እንደሚፈቀድ፣ ምዝገባው መቼ ተከፍቶ መቼ እንደሚዘጋ፣ ያልተመዘገበም ስንት እንደሚከፍል በአንዲት ገጽ በአማርኛ ጽፈው ይስጡ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁ አንባብያንም ይህን ነገር የባዕድ ኩባንያ ጉዳይ ብቻ አታድርጉት። የፓስፖርት ማመልከቻ በኢንተርኔት ከሆነ ወዲህ በጎንደር ኮምፒዩተር ቤቶች ደጃፍ ቅጽ አስሞልቶ ለሚከፍለው ባላገር፣ የእናንተም መስኮት ከሮሙ መስኮት ብዙ አይለይበትም።

አክስቴ ልጅቱን እንደገና ሊጠይቁ አስበዋል። ስልካቸው ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ቲኬት ቤት ገብቼ የአማርኛ ማስታወሻ ይኖራችኋል ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ጸሓፊዋ በትሕትና፣ «የለንም፣ ጋሼ፤ ግን እርስዎ ጽፈው ቢያመጡልን እንለጥፈዋለን» አለችኝ። ጽፌ ሰጥቻታለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከጎንደር